ውሃ ያልደረሰበት ባሕር
ስለ ሙሴ ሃሩን ታዚየፍ ሕይወትና መጻሕፍት

ወንዝ ሁሉ መድረሻው ባሕር ነው ይባላል። አዋሽ ግን ከዚህ ሥርዐት የወጣ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕሩ እምብዛም ሳይርቀው፥ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ አቤ በተባለው ጨዋማ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባቡሩን ተከትላ የተቈረቈረችው አዋሽ ሰባትም፥ ከእርሷ ብዙ ርቃ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ የተሠራችውና አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ሰመራም፥ ሁለቱ በዚሁ ወንዝ ሸለቆ ላይ ያሉ ናቸው። የእነዚህ ከተሞች ሰው፥ «ወንዛችን ባሕር ሳይደርስ ለምን ቀረ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ እንግዳ ነው፤ ይኸውም ምድሩ ራሱ ባሕር ለመሆን በመለወጥ ላይ ስላለ፥ ዙሪያው ከፍ ብሎ መካከሉ ስለ ዘቀጠ ነው።

ይህን መልስ ለሊቃውንት ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ሙሴ ሃሩን ታዚየፍ ናቸው። እኒህ ሰው በአውሮፓ እጅግ ስመ ጥር ነበሩ፤ ስማቸውም የገነነው በእሳት ነው። ነገር ግን ከእሳቱ ይልቅ የሚበልጠው ሥራቸው ስለ ባሕር የተናገሩት ነው። መጻሕፍታቸውን መርምሮ ምርቱን ከገለባው መለየትም ከፓሪስ ሰው ይልቅ የአዋሽንና የሰመራን ሰው ይጠቅማል፤ የተጻፈው እርሱ ቤቱን ስለ ሠራበት መሬት ነውና።

አስቀድሞ ስለ ሕይወታቸው በአጭሩ መናገር ይገባል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ሙሴ ታዚየፍ በ1914 ዓ.ም. በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ታታር ሐኪም ሲሆኑ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞቱ፤ ልጁም ከእናታቸው ጋራ ወደ ቤልጂክ ተሻግረው አደጉ። ዜግነት ሳይኖራቸው ብዙ ጊዜ ኖረው በ1936 የቤልጂክ፥ በ1971 ደግሞ የፈረንሳይ ዜጋ ሆኑ። በመጀመሪያ የእርሻን፥ በኋላም የሥነ ምድርን ትምህርት ተማሩ። በ1948 በኮንጎ በሥራ ላይ ሳሉ ኪቱሮ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ለመመልከት ተላኩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1998 ድረስ ከዚህ ነገር አልተለዩም። «የእሳት አፎች» የሚል ትርጕም ያለው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1951 ታተመ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ የባሕርን ውስጥ በመመርመር ስሙ የታወቀው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ካሊፕሶ የተባለችውን መርከቡን ይዞ ለመጀመሪያው የምርምር ጕዞ ወደ ቀይ ባሕር ሲወርድ፥ ሙሴ ታዚየፍ የሥነ ምድር ዐዋቂ ሆነው አብረው ሄዱ። ይህንንም ጕዞ በ1954 በታተመው «ውሃና እሳት» በተሰኘው መጽሐፋቸው ተረኩት። የመጽሐፉ ስም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ደራሲው ውሃውን ከእሳቱ አስቀድመው፥ ሁለቱንም በአንድ ጥራዝ አስረው አቀረቡ። ያን ጊዜ ሁለቱ ነገሮች በመጽሐፉ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ታሪኮች ነበሩ፤ አንድ ነገር መሆናቸው የተገለጠላቸው ከዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ በአፋር ምድር ነው።

በ1967 መጨረሻና በ1968 መጀመሪያ ሙሴ ታዚየፍ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ሊቃውንት ጋራ ወደ አፋር መጡ። ከኢጣልያኑ ጆርጆ ማሪኔሊና ፍራንኮ ባርቤሪ፥ ከፈረንሳዮቹ ዣክ ቫሬ ይገኙባቸዋል። ሥራቸውም በአንድ ጕዞ ሳያልቅ ለብዙ ዓመት ቀጠለ፤ የሰሜኑ አፋር የሥነ ምድር ካርታ በ1971፥ የመካከለኛውና የደቡቡ በ1975 ታተመ። ሙሴ ታዚየፍ የዚህን ምርምር ታሪክ «የድኝ ሽታ» ብለው በሰየሙት መጽሐፍ በ1975 አወጡ። ከመጻሕፍቱ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቀዳሚው ይህ ነው።

በዚያን ዘመን በሊቃውንት መካከል ትልቅ ክርክር ነበረ። አልፍሬድ ቬግነር የተባለው ጀርመናዊ በ1912 አህጉራት ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ ብሎ ያስተማረው ትምህርት ለብዙ ጊዜ ሲነቀፍ ቈይቶ፥ በ1960ዎቹ የባሕር ወለል ሲመረመር ተቀባይነት ማግኘት ጀመረ። ነገር ግን የባሕር ወለል ከሺህ ሜትሮች ውሃ በታች ስለ ሆነ ሰው በእግሩ ቆሞ ሊያየው አይችልም። ሙሴ ታዚየፍና ጓደኞቻቸው ያሰቡት ይህ ነበረ፤ በምድር ላይ ውሃ ገና ያልሸፈነው የውቅያኖስ ወለል የሚገኝ እንደ ሆነ የሚገኘው በአፋር ነው አሉ። ለዚህም ሦስት ምስክሮች ቈጠሩ።

የመጀመሪያው ምስክር የመሬቱ ቅርጽ ነው። ዓረብን ወደ አፍሪካ መልሶ ለማጋጠም በካርታ ላይ የሞከረ ሰው፥ የቀይ ባሕር ሁለቱ ዳርቻዎች እንደ ተቀደደ ብራና ሲገጥሙለት ያያል። ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ ገጠመኙ ይበላሻል፤ የየመን ምድር መጥቶ በአፋር ላይ ይደረባል። ሁለት ምድር በአንድ ቦታ ሊቀመጥ ስለማይችል፥ ሁለቱ ሳይለያዩ በፊት አፋር አልነበረም ማለት ነው። መለያየቱ ራሱ የወለደው አዲስ ምድር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ድንጋዩ ነው። እንደ ኤርታ አሌ ባሉት ተራሮች ሰንሰለት ላይ የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ፥ አህጉር በሚለያይበት በባሕር ወለል መካከል ከሚወጣው ጋራ የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው ምስክር የውሃ ዱካ ነው። ከባሕር ወለል በታች ወደ 120 ሜትር ያህል በሚወርደው የዳሎል ምድር ያለው ጨው፥ በዝቅተኛው ሜዳ ዳር ዳር ደርቆ የቀረው የኮራል ድንጋይ፥ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን እዚያ ገብቶ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ከዚህም በቀር ሙሴ ታዚየፍ ኤንሪኮ ቦናቲ ከተባለው ሊቅ ጋራ በ1970 ባወጡት ጽሑፍ፥ በአፋር ያለ አንድ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ተራራ ከውሃ በታች የተፈጠረ እሳተ ገሞራ ነው ብለው አቀረቡ። እንዲህ ያለ ተራራ ከዚያ በፊት የሚታወቀው በጥልቅ ባሕር ውስጥ ነበር።

በዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የገባውና የደረቀው የቀይ ባሕር ውሃ አንድ ነገር ነው፤ ውቅያኖስ መሆን ሌላ ነገር ነው። ውሃ ቈላውን ሁሉ ሊሞላ ይችላል፤ ሐይቅም ይባላል እንጂ ውቅያኖስ አይባልም። ውቅያኖስን ውቅያኖስ የሚያደርገው ወለሉ ነው፤ ምድር ተሰንጥቆ ሲለያይ ከሥር የቀለጠ ድንጋይ ወጥቶ ሲሞላው የሚፈጠረው አዲስ ወለል ማለት ነው። በአፋር ወለሉ ከውሃው ቀድሞ መጥቷል። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ ቢቀር ቅኔውን ሰማ እንደማይባል፥ በእነዚህ መጻሕፍት የእሳቱን ትርኢት ብቻ ያየ አንባቢም ገና አላነበባቸውም። የኤርታ አሌ የእሳት ሐይቅ ሰሙ ነው፤ ከሥሩ የሚሠራው የባሕር ወለል ወርቁ ነው።

ስለ አጻጻፋቸው ሲነገር፥ ሙሴ ታዚየፍ የሚያስመሰግን ጠባይ አላቸው። የሚያስተምሩት በትረካ ውስጥ ነው። አንባቢው በቅድሚያ ሙቀቱን፥ ጥማቱን፥ የእግሩን ድካም ይካፈላል፤ ምክንያቱን የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው። «የድኝ ሽታ» የሚለው ስም ራሱ ይህን አካሄድ ያሳያል፤ ወደ እሳተ ገሞራ የሚቀርብ ሰው እሳቱን ከማየቱ በፊት ድኙ ይሸተዋልና። ሞትንም አይሸሽጉም። በ1952 በፒሬኔ ተራሮች ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ጓደኛቸው ማርሴል ሉቤንስ፥ የተንጠለጠለበት ገመድ ማሰሪያ ተፈትቶ ወድቆ ሲሞት፥ ሙሴ ታዚየፍ ከዋሻው በታች ነበሩ፤ ይህንንም በመጽሐፍ ጽፈውታል። ለእውቀት ሲባል የሚከፈለውን ዋጋ በጓደኛቸው ሕይወት ያዩ ሰው ስለ ሆኑ፥ ስለ አደጋ የሚናገሩት ነገር ከሩቅ እንደሚናገር ሰው አይደለም።

ነገር ግን ነቀፋም አይታጣም። የመጀመሪያው ነቀፋ በእሳቸው ብቻ ሳይሆን ወደ አፋር በመጡ ጸሐፊዎች ሁሉ ላይ የሚወድቅ ነው። ከሙሴ ታዚየፍ 40 ዓመት ቀድሞ፥ በ1928 ሉዶቪኮ ኔስቢት የተባለው መሐንዲስ ከሁለት ኢጣልያውያን ጋራ ከአዋሽ ተነሥቶ የአፋርን ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ በሕይወት ወጣ። የጻፈው መጽሐፍ በአሜሪካ ሲታተም የተሰጠው ስም አፋርን የፍጥረት ሁሉ ሲኦል የሚያደርግ ነበር። አሞሌ ቈርጦ ደጋውን ጨው ያበላ ሕዝብ፥ በአዋሽ ዳር ግመሉንና ፍየሉን አርብቶ የኖረ ሕዝብ፥ አገሩ በመጽሐፍ ገበያ እንዲህ ተባለ። ሙሴ ታዚየፍ ምድሩን የመጡበት ሊያነቡት እንጂ ሊረግሙት ስላልሆነ ከዚህ ይሻላሉ። ሆኖም «መጀመሪያ አየ፥ መጀመሪያ ደረሰ» የሚለው የአሳሾች ልማድ በእሳቸውም ዝና ውስጥ አለ። ኤርታ አሌ ማለት በአፋርኛ የሚጤስ ተራራ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሕዝብ ጢሱን አይቶ ነበር ማለት ነው እንጂ የፈረንጅ ሊቅ እስኪመጣ አልጠበቀም። ሊቃውንቱ ያገኙት የእሳቱን መኖር ሳይሆን የእሳቱን ምክንያት ነው፤ ይህም በራሱ ታላቅ ስለ ሆነ የሌላውን ድርሻ መጨመር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነቀፋ ይከብዳል። በ1976 በፈረንሳይ ግዛት በጓድሉፕ ደሴት ላይ ላ ሱፍሪዬር የተባለው ተራራ መጤስና መፈንዳት ጀመረ። መንግሥትም ከ70 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ከቤቱ አስነሣ። ሙሴ ታዚየፍ ግን የወጣው እንፋሎትና አሮጌ ድንጋይ እንጂ የቀለጠ ድንጋይ አይደለም፥ ስለዚህ ሕዝቡን ማፈናቀል አይገባም ብለው ተከራከሩ። በኦገስት 30 ቀን ከጓደኞቻቸው ጋራ በተራራው ራስ ላይ ሳሉ ፍንዳታ ደርሶባቸው ድንጋይ ሲዘንብባቸው እንኳ ቃላቸውን አልለወጡም። ከዚህም ክርክር የተነሣ ከምርምር ክፍል ኃላፊነታቸው ተነሡ። የተፈራው ታላቅ ፍንዳታ ሳይመጣ ስለ ቀረ፥ ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ሆነ። በኋላም የፈረንሳይ መንግሥት የተፈጥሮ አደጋ መከላከልን ጉዳይ ሰጥቶ ከ1984 እስከ 1986 በመንግሥት ጸሐፊነት ማዕርግ ሾማቸው።

ብዙ አንባቢ ይህን ታሪክ የአንድ ጀግና ድል አድርጎ ያነብበዋል። እንዲህ ማንበብ አደገኛ ነው። በ1985 በኮሎምቢያ ኔቫዶ ዴል ሩዊስ የተባለው ተራራ ሲፈነዳ፥ በረዶው ቀልጦ ያወረደው ጭቃ አርሜሮ የተባለችውን ከተማ በአንድ ሌሊት ዋጣት፤ ወደ 23 ሺህ ሰው አለቀ። አስቀድሞ የአደጋ ካርታ ተሠርቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከቦታው አልተነሣም። በጓድሉፕ የተነሣው ሕዝብ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የአርሜሮ ሕዝብ የሚመለስበት ቤትም ሕይወትም አልቀረለትም። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይመዘኑም። ከሙሴ ታዚየፍ ሊወረስ የሚገባው የሰጡት ፍርድ ሳይሆን ፍርዱን የሰጡበት መንገድ ነው፤ ይኸውም ሄዶ ማየት፥ የወጣውን ነገር በእጅ ይዞ መመርመር፥ የታወቀውንና ያልታወቀውን ለይቶ መናገር ነው። ፍርዱን ያለ መንገዱ የወረሰ ሰው ድፍረት እንጂ እውቀት አልወረሰም።

ይህ ነገር ለአዋሽና ለሰመራ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1969 በሰመራ አካባቢ ያለችው ሰርዶ የተባለች መንደር በምድር መናወጥ ፈረሰች፤ ሰውም ሞተባት። በ2005 ከሰመራ በስተ ሰሜን በዳባሁ አጠገብ ምድሩ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ስፍራም እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ሙሴ ታዚየፍ ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፎ ስለ ነበር ይህን አላዩም፤ ነገር ግን እሳቸውና ጓደኞቻቸው በድንጋይ ያነበቡትን ነገር ሰው ሁሉ በዐይኑ አየው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድሩ ሳያቋርጥ ተናወጠ፤ አዋሽ ከተማም ሌሊት ሌሊት አብራ ተንቀጠቀጠች፤ ብዙ ሺህ ሰውም ከቀየው ተነሣ። በኖቬምበር 2025 ከኤርታ አሌ በስተ ደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ ዐመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ።

በእነዚህ ቀኖች ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማ ነበር። አንዱ ኢትዮጵያ ዛሬ ነገ ለሁለት ተከፍላ ባሕር ይገባባታል የሚል ነው። ሁለተኛው ምንም የለም፥ ዝም ብላችሁ ተኙ የሚል ነው። ሁለቱም ከአለማወቅ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። የአፋር ምድር የሚከፈተው በአማካይ በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕሩ የሚመጣው በሚሊዮን ዓመታት ነው። ስለዚህ ውቅያኖሱን መፍራት ከንቱ ነው። ነገር ግን ያ መከፈት በየዓመቱ እኩል እኩል ሳይሆን ለብዙ ዘመን ተጠራቅሞ በድንገት ስለሚመጣ፥ የቤት ግድግዳን፥ የውሃ ግድብን፥ የድልድይን ነገር አለማሰብ ከዚያ የባሰ ከንቱ ነው።

ስለዚህ የሙሴ ታዚየፍን መጽሐፍ ብቻውን ማንበብ አይበቃም፤ አጠገቡ ሌላ መጽሐፍ ማስቀመጥ ይገባል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር መመልከቻውን ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን የተባሉት የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኵሴ በ1979 የኢትዮጵያንና የአካባቢውን የምድር መናወጥ ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። እሳቸው ከመሣሪያው ቍጥር ጋራ የቀድሞ ጸሐፊዎችን መዝገብና የነገሥታትን ዜና መዋዕል አመሳክረዋል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የእሳት ሐይቅ ውበት የለም፤ የፈረሰ ቤት ቍጥር፥ የሞተ ሰው ቍጥር፥ ቀንና ሰዓት አለ። ታዚየፍ ምድሩ ለምን እንደሚናወጥ ለአንባቢ ልብ ያስረዳሉ፤ ጉዋን ሲናወጥ በሰው ላይ ምን እንዳደረገ ይቈጥራሉ። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው መደነቅ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ድንጋጤ ብቻ ነው።

እንግዲህ «የድኝ ሽታ» የአገሩ ሰው በገዛ ቋንቋው፥ በአማርኛም በአፋርኛም፥ ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው። የሚተረጕመው ሰው ግን ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያ፥ በፈረንሳይ አፍ የተጣመሙትን የቦታ ስሞች ከአፋር ሽማግሌዎች ጠይቆ ማቅናት፥ የየስሙንም ትርጕም በኅዳግ መጻፍ አለበት፤ ስሞቹ ራሳቸው ከሊቃውንቱ በፊት የነበረ እውቀት ናቸውና። ሁለተኛም፥ ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከ1975 በኋላ የሆነውን፥ የዳባሁን፥ የፈንታሌንና የሃይሊ ጉቢን ነገር፥ በዐይናቸው ካዩት ሰዎች ቃል ተቀብሎ መጨመር ይገባዋል። እንዲህ ሆኖ ቢወጣ፥ የሰመራ ተማሪ በትምህርት ቤቱ፥ የአዋሽ ባለ ሱቅም በሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሲያነብበው፥ በሚቀጥለው ጊዜ ምድር ሲናወጥ የሚሰማውን ወሬ የሚመዝንበት ሚዛን በእጁ ይኖረዋል።